የአስፋው ጡሩምባ

መንገድ የተሠራው ለሚሄድ ሰው ነው ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና መንገድ ማለት ከአንዱ ነጥብ ተነሥቶ ሌላው ነጥብ ላይ የሚያርፍ ቀይ መስመር ነው ብዬ ስንቱን ተማሪ አስተምሬአለሁ። መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው፣ በቃ። መሐል ላይ ያለውን ማን ይጠይቃል? እስቲ እናንተም ረጅም መንገድ የሄዳችሁበትን አንድ ቀን አስታውሱ። በመስኮት ስታዩ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መኪናችሁን ስታይ አይታችኋል። አልፋችኋታል። እሷ ግን እናንተ ካለፋችሁ በኋላም እዚያው ናት፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣውን ታያለች፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውንም። አንድም ቀን ሳትሄድበት ዕድሜዋን የጨረሰችበት መንገድ ነው። የእሷ አይደለም ልትሉ ነው?

ይህን የተማርኩት አሰብ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ አሰብ ተመደብኩ። እናቴ ምደባዬን ስትሰማ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብላ ጎረቤት ጠየቀች። አልፈረድኩባትም። በዚያን ጊዜ አሰብ የሚላክ ሰው ወይ ያጠፋ ነው ወይ ዘመድ የሌለው ነው ይባላል፤ እኔ ከሁለተኞቹ ነበርኩ። ደርሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ፊቴን የመታኝ ሙቀት የሞተሩ መስሎኝ ከመኪናው ራቅ ብዬ ቆምኩ። የሞተሩ አልነበረም። የአገሩ ነው።

ቀበሌው ቤት የሰጠኝ ከከተማው ጫፍ፣ የአዲስ አበባው መንገድ ቤቶቹን ለሁለት ሰንጥቆ በሚያልፍበት ሰፈር ነው። ሰፈሩ መውጫ ይባላል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው መግቢያ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ መግቢያ ብሎ የጠራው ሰው ግን አልሰማሁም። ስሙን ያወጣለት ከሙቀቱ ለማምለጥ የቸኮለ ሰው መሆን አለበት።

የመንገዱን ታሪክ ልንገራችሁ፤ በመጽሐፍ አታገኙትም፣ ረጅምም አይደለም። መጀመሪያ ግመል ነበር። አፋሮች ጨው ጭነው ወደ ደጋው ሲወጡ፣ እህል ጭነው ሲመለሱ ረግጠው ያቀኑት ነው። ቀጥሎ ጣሊያን መጣና በግመሎቹ ፈለግ ላይ ድንጋይ ደልድሎ «እኔ ሠራሁት» አለ። ግመሎቹ አልተከራከሩም። ከጣሊያን በኋላ አስፋልት ተነጠፈ፣ አስፋልቱ ላይ ኤንትሬ መጣ። ኤንትሬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ያን ጊዜ መንገዱን የሞላው አፍንጫ የሌለው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው፤ ተሳቢውን ከኋላ አስከትሎ፣ የባቲን ዳገት እያቃሰተ እየወጣ፣ ያገሩን ስኳርና ስሚንቶ፣ ጎማና ብረት በጀርባው ያመላለሰ።

አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ከወደቡ ወጥቶ ገና ከተማውን ሳይለቅ አንዱ ኤንትሬ ጎማው ፈነዳ። እዚያው ቦታ ላይ አንድ ጎሚስታ ተቀመጠ። ጎማ የሚያስጠግን ሹፌር ሻይ ያምረዋልና ሻይ የምታፈላ ሴት መጣች። ሻይ የጠጣ ይርበዋል፤ ወጥ የምትሠራ መጣች። የበላ ይተኛል፤ አልጋ የሚያከራይ መጣ። አልጋ ካለ ደግሞ፣ መቼም ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ልጆች መጡ። ልጅ ካለ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። በመጨረሻ አብዮት መጣ፤ ከአብዮቱ ጋር ቀበሌ፣ ከቀበሌው ጋር ስብሰባ፣ ከስብሰባው ጋር እኔ። አንድ ጎማ ፈንድቶ ይህን ሁሉ ሰው አፈራ።

የምበላው እትዬ ዘነቡ ቤት በኮንትራት ነበር። እትዬ ዘነቡ የደሴ ሴት ናት፤ ለሹፌሮች ምግብ ትሠራለች፣ ምላሷ ፈጣን ነው፣ በሚስጥር ግን ለሁሉም ታዝናለች። የመጀመሪያውን ቀን ወጡ በዛብኝ ብዬ ባተርፈው «አንተ አስተማሪ፣ እኔ ቤት የሚተርፈው ወሬ ብቻ ነው» አለችኝ። ባሏ አስፋው የኤንትሬ ሹፌር ነው። ከአንድ ሰው ሁለት ሰው የሚወጣው ትልቅ፣ ሲናገር ግን ከግማሽ ሰው የማይበልጥ ዝምተኛ። «ደህና ዋልክ ጋሽ አስፋው?» ስትሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ የቀረውን እናንተ ትጨርሱለታላችሁ። ስለ እሱ የሚያወራለት ጡሩምባው ነበር።

ይህን የጡሩምባ ነገር በደንብ ስሙኝ፤ ሌላ አገር አላየሁትም። መውጫ ሰፈር ቤት ያለው ሹፌር ሁሉ የራሱ አነፋፍ ነበረው። ጥሪ ይሉታል። ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከሰፈሩ በላይ ካለው ጥቁር ኮረብታ አናት ላይ ሲደርስ ጥሪውን ይነፋል። አንዱ ረዘም አድርጎ፣ ሌላው ቆራርጦ፣ ሌላው የሠርግ ዘፈን እያስመሰለ። ሚስቶች በየጓዳቸው ሆነው ያውቁታል። የአስፋው አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ነው፤ አለቀ ብላችሁ ወደ ሥራችሁ ስትመለሱ ደግሞ አንዲት ትንሽ። ትንሿ የእትዬ ዘነቡ ናት ተብሎ ስለታመነ ሰፈሩ ሲሰማት ይሥቃል። እትዬ ዘነቡ «ጡሩምባው ተበላሽቶ ነው» ትላለች። ሲበላሽ የኖረ ጡሩምባ ነው።

ጥሪው ለወሬ ብቻ አልነበረም። በሌላው አገር ሚስት ለባሏ ውሃ ታሞቃለች፤ አሰብ ውስጥ ታቀዘቅዛለች። የበርሜሉ ውሃ ፀሐይ ሲመታው ውሎ እጅ አያስነካም። ስለዚህ ባሏ ይመለሳል በተባለ ቀን ጠዋት ውሃውን እንስራ ውስጥ ገልብጣ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሳ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ታስቀምጠዋለች። ኮረብታው ላይ ጥሪው ሲሰማ እንስራው ወደ ደጃፍ ይወጣል። ሹፌሩ የማንዳንና የቡሬን በረሃ አቧራ ተሸክሞ ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰላምታ አይደለም፤ ያ ውሃ ነው።

ጥሪ ደግሞ ሕግ ነበረው። የሰውን ጥሪ መንፋት ሚስቱን በስሟ እንደ መጥራት ይቆጠራል፤ በዚህ ምክንያት ጥርሱ የወለቀ ሰው አሳይተውኛል። ሹፌር ሲሞት ጥሪው አብሮ ዝም ይላል። ለአርባው ሰው ሲሰበሰብ ሚስቱ ከባልንጀሮቹ አንዱን ትመርጥና ጥሪውን ትሰጠዋለች። የተሰጠው ሰው መኪናውን ደጃፏ አቁሞ ይነፋዋል፤ ቤቷ ውስጥ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥሪው የአዲሱ ሰው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነበሩ። ለሞተ እንዲህ፣ ለቆመ እንዲያ ብለው ሁሉን አስበው ነበር። ስለ ጠፋ ሰው ግን ሕግ አላወጡም።

አስፋው ጠፋ። ስሚንቶ ጭኖ ከአሰብ ወጣ፣ ኮምቦልቻ አራገፈ፣ እዚያ መኪናው ለግዳጅ ተፈለገ ተባለ። በዚያን ዘመን መኪናም ሹፌርም እንደ ወታደር ይታዘዝ ነበርና ከሌሎች ጋር ተሰልፎ ወደ ሰሜን ተላከ። ሌሎቹ እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። አንዱ ወልድያ ላይ አብረን ሻይ ጠጥተናል አለ። ሌላው ከዚያ በላይ አንድ ኤንትሬ ከመንገድ ዳር ተቃጥሎ አይቻለሁ፣ ግን ኤንትሬ ሁሉ ሲቃጠል አንድ ነው አለ። ምሎ የሚናገር ጠፋ። እትዬ ዘነቡ መኪናውን ወዳሰማራው መሥሪያ ቤት ሄዳ በመስኮቱ ጠየቀች። «ግዳጅ ላይ ነው» አሏት። በሌላ ወር ሄደች። ግዳጅ ላይ ነው። ዓመቱ ዞረ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ተቀየረ፣ አዲሱም ሰውዬ ያንኑ አለ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ስንት ነገር ሸፍኖ እንደኖረ እናንተም ታውቃላችሁ።

እሷ ግን ቃሉን እንደ ተነገራት ተቀበለችው። መኪኖች በጥበቃ ተሰልፈው በኮንቮይ ይመጡ ስለነበር የሚመጡበት ቀን ይታወቃል። በዚያ ቀን ጠዋት ውሃዋን እንስራ ውስጥ ትገለብጣለች፣ ጆንያውን ታለብሳለች። ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ጡሩምባ ሲጀመር የያዘችውን ጥላ ትነሣለች። እኔ ምሳ ላይ ከሆንኩ ጭልፋው ወጡ ላይ እንዳለ ይቀራል። አንዱ ይነፋል፤ የእሱ አይደለም። ሌላው ይነፋል፤ የእሱ አይደለም። የመጨረሻው መኪና ሲያልፍ ውሃውን ለመጣው ሹፌር ሁሉ ታድላለች፤ እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይታጠባሉ። ማንም «እትዬ ዘነቡ፣ ተዪው» ሊላት አልደፈረም። እኔ አንድ ጊዜ ልል ተነሥቼ የበላሁበትን ሳህን አነሣሁላት።

አሁን ወደ ስብሰባው ልውሰዳችሁ። ጎረቤታችን ፋጡማ የበይሉል አፋር ናት፤ ፍየል ታረባለች፣ ወተት ትሸጣለች። ከወደብ የወጣ አንድ ቦቴ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ከመንገዱ ወጣና ደጃፍ ላይ ትጫወት የነበረችውን ልጇን ሐሊማን መታት። ሕይወቷ ተረፈ፤ አንድ እግሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሰፈሩ አለቀሰ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ማመልከቻ ጻፈ። ደግ ሥራ ነው። የሚገርመው ግን ማመልከቻው መልስ አገኘ፤ መንገዱ ከሰፈሩ ወጥቶ ከጥቁሩ ኮረብታ ጀርባ ይሠራ፣ አሮጌው ይዘጋ ተባለ። ይህን ለማጽደቅ ተሰበሰብን።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀድሞ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰው ዝም ብሎ እንዲቀመጥለት የለመደ ነው። ስለ ኢምፔሪያሊዝም የሚገባውን ያህል ተናገረ፣ ከዚያ ወደ መንገዱ መጣና «የምትደግፉ?» አለ። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። እኔም አወጣሁ፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ አወጣለሁ፤ የልጅቱን እግር አይቼዋለሁ። «ተቃውሞ?» አለ፣ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሌላው አጀንዳ ሊያልፍ ወረቀቱን እያገላበጠ። አንድ እጅ ወጣ። በዚያ አዳራሽ ተቃውሞ ሲባል እጅ ወጥቶ ስለማያውቅ ሊቀመንበሩ ግራ ገባውና «ጓዲት ዘነበች፣ ለመውጣት ነው?» አላት።

«ለመቃወም ነው» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፋጡማ ሐሊማን ታቅፋ ከጎኗ ተቀምጣ ነበር፤ እሷ ብቻ አልዞረችም።

«ምክንያቱ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«መንገዱ ከሄደ ባሌ በየት ይመጣል?»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «ጓድ አስፋው ቤታቸውን አይስቱም። አዲሱም መንገድ አሰብ ነው የሚገባው» አለ።

«ይገባል። እኔ ግን አልሰማውም» አለችና ተቀመጠች።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተብሎ ተጻፈ።

ስንወጣ ከኋላቸው ነበርኩ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሐሊማ እናቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ፋጡማ «ዘነቡ፣ እኔ ልጄን ነው ያየሁ» አለች። እትዬ ዘነቡ ቆመችና የልጅቱን ነጠላ አስተካከለችላት። «አውቃለሁ እህቴ። ባንቺ ቦታ ብሆን እኔም ሁለት እጄን ነበር የማወጣው» አለቻት። በማግስቱ ጠዋት ወተቱ እንደ ወትሮው መጣ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ስብሰባ የተማርኩት ቢኖር፣ ሁለት ሰዎች ሁለቱም እውነት ይዘው አንዱ ብቻ መንገድ ሊያገኝ እንደሚችል ነው። አዝኜ ነው የገባሁት ቤቴ።

ዶዘሮቹ መጡ። ከኮረብታው ጀርባ አቧራ ሲነሣ ከረመ። ሊቀመንበሩ ለምረቃው ዛፍ ይተከል ብሎ፣ አሰብ መሆኑ ትዝ ሲለው ድንጋይ ኖራ አስቀባ። አሮጌው መንገድ በሁለቱም ጫፍ አሸዋ በተሞላ በርሜል እንደሚዘጋ ተነገረ። ሰፈሩ ደስ ብሎት ነበር፤ ጎሚስታው ብቻ ዕቃውን እየቆጠረ የት እንደሚሄድ ያስባል።

እንድሪስን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። የባቲ ሰው ነው፤ አስፋው ረዳት ሆኖ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ባልንጀራው። እትዬ ዘነቡን እት አለም ነው የሚላት። መንገዱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው እኔና እሱ አንድ ትሪ ቀርበን ምሳ ስንበላ እትዬ ዘነቡ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ሰው ሲበላ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም።

«እንድሪስ፣ በሚመጣው ኮንቮይ አለህበት?»

«አለሁበት እት አለም።»

«በዚህኛው መንገድ የመጨረሻው ነው አሉ።»

«አሉ።»

«የአስፋውን ጥሪ ላንተ ሰጥቻለሁ።»

እንድሪስ የጠቀለለውን እንጀራ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ወሬ መጣ? ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝ። ማንም ምንም ሳይለኝ ስንት ጊዜዬ ነው! ከእንግዲህ በደጄ መኪና አያልፍም። ሰውዬው መምጣት ካለበት መንገዱ እያለለት ይምጣ። ደጄ ላይ ሳይሆን ከኮረብታው ላይ ንፋልኝ።»

እንድሪስ አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ዕድሜውን ከመሪ ጋር ሲታገል የኖረ፣ እጁ ወጥ እንደነካ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው፤ አሰብ ውስጥ ምን የሚቀዘቅዝ ነገር እንዳለ እንጃ።

ቀኑ ደረሰ። ወሬው ከዲቾቶ ጀምሮ ሹፌሩን ሁሉ አዳርሶት ነበር መሰለኝ፣ ፊት የመጡት መኪኖች ኮረብታው ላይ ሲደርሱ አንዳቸውም አልነፉም። ዝም ብለው፣ ማርሽ ቀንሰው፣ አንድ በአንድ ወረዱና አለፉ። እንዲያ ዓይነት ጸጥታ ከከባድ መኪና አይጠበቅም። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቷል። እትዬ ዘነቡ ያን ቀን ጠዋት እንስራዋን እንደ ወትሮው አዘጋጅታ፣ ቀሚሷን ቀይራ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር።

መጨረሻ የመጣው እንድሪስ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ቆመ። አንድ ረጅም ነፋ። ሁለት አጭር ነፋ። ከዚያ ዝም አለ። ትንሿ መከተል ነበረባት፤ አልመጣችም። ጠበቅን። ፋጡማ እጄን ይዛኝ ኖሮ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ብዙ ከቆየ በኋላ መጣች፣ ከወትሮው አጥራ፣ እንደተቆረጠች።

እትዬ ዘነቡ እንስራውን ይዛ ወጣች። መኪናው ደጃፏ ሲቆም እንድሪስ ወረደና በሩን ይዞ ቆመ። ውሃውን በእጁ ላይ አፈሰሰችለት፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጎንበስ ብላ እግሩን አጠበችው። «እንኳን ደህና መጣህ» አለች። ለእንድሪስ እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል፤ እሱም አውቋል። ውሃው ሲያልቅ እንስራውን በቀስታ፣ እንዳይሰበር ተጠንቅቃ፣ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠችና «አስፍዬ!» ብላ ጮኸች። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘችው ነው በአንድ ጊዜ የወጣው፤ ሰፈሩም አብሯት ጮኸ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሊቀመንበሩም በኖራ የተለወሰ እጁን ይዞ እየሮጠ መጥቶ አለቀሰ።

ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ መሥሪያ ቤቱ አሁንም ግዳጅ ላይ ነው እያለ፣ እሷ ድንኳን ተከለች፣ ጥቁር ለበሰች። በማግስቱ አዲሱ መንገድ ሲመረቅ የሰፈሩ ሰው ለቅሶ ላይ ስለነበር ለሊቀመንበሩ ያጨበጨበለት ከወደብ በመኪና ተጭኖ የመጣ ላብ አደር ነው አሉ። ቀይ ሪባን ተቆረጠ። በርሜሎቹ በአሮጌው መንገድ ላይ ተደረደሩ።

ከዚያ በኋላ መውጫ ሰፈር ምን ሆነ ብትሉ፣ የጠየቀውን አገኘ። ጎሚስታው ወደ አዲሱ መንገድ ሄደ። ሻይ የምታፈላዋ ተከተለችው። አልጋ አከራዩ በሩን ዘጋ። ልጆች አስፋልቱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሐሊማ በበረኝነት ቆማ፤ እሱስ ያስደስት ነበር። ማታ ማታ ባሕሩ ይሰማል። ለዓመታት ከባሕር አጠገብ ኖረን ድምፁን ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ዝምታውን ለምነን አገኘነው፣ ከዚያ ምን እንደምናደርገው ጠፋን። እትዬ ዘነቡ ለእኔና ለጥቂት የጨው ሠራተኞች ታበስላለች። ጆንያዋን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ስትሥቅ ግን አላየኋትም፤ የተረፈ ወጥ ሳህኔ ላይ ቢቀር እንኳ ዝም ብላ ታነሣዋለች፣ ያ ከሁሉ አስከፋኝ።

አሰብ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው። ሲመጣ ግን በዓመት ያልመጣበትን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በክረምት ሳይሆን በጥር፣ አንድ ቀን ከተራሮቹ ላይ ጎርፍ ወረደና አዲሱን መንገድ ከነኖራ ድንጋዩ ጠርጎ ባሕር ከተተው። አንድም ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ግን የለም። ወደቡ በመኪና ታጨቀ፣ ከላይም ኮንቮይ እየመጣ ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ በሰው እያስገፋ በርሜሎቹን አነሣ። «ለጊዜው ነው ጓዶች» አለ። በእኛ አገር ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ፋጡማ ምንም ሳትናገር ሐሊማን አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችና የፍየሎቹን አጥር ነቅላ ወደ መንገዱ በኩል ማጠር ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ እኔ እትዬ ዘነቡ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር አርማለሁ፤ እሷ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። ኮረብታው ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው በእግሩ ቁልቁል ሲመጣ አየን። እንድሪስ ነው። ሹፌር በእግሩ ሰፈር ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላቡን እየጠረገ መጥቶ ፊቷ ቆመ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል።

«እት አለም፣ ልነፋው ወይስ ዝም ብዬ ልለፍ?»

ከምስሩ ቀና ሳትል «መኪናውን የት አቆምከው?» አለችው።

«ኮረብታው ላይ።»

«መንገዱ መሐል? ከኋላህ ያለውን ኮንቮይ ሁሉ ዘግተህ?»

እሷ ከሰፌዱ ላይ አንዲት ጠጠር አነሣች፣ አየቻት፣ ጣለቻት። ከዚያ አሮጌውን መንገድ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው፤ በርሜሎቹ የነበሩበት ቦታ አሸዋ ተደፍቶበታል። ጥቂት ብትታገሥ ኖሮ የሚለውን እኔ አስቤዋለሁ፣ እንድሪስም አስቦታል፣ ሁለታችንም እንደማናስብ ሆነን መሬት መሬት አየን። እሷ ምን እንዳሰበች የማውቀው የተናገረችውን ብቻ ነው።

«መንገዱማ ተመለሰ» አለች።

ነፋሱ ደብተሮቼን አገላበጠ፤ በእጄ ያዝኳቸው።

«ሂድ ንፋው» አለችው። «የሰጠሁትን አልነሣም። ያንተ ነው።»

እንድሪስ ዳገቱን ተመልሶ ሲወጣ እያየነው ጎረቤቱ ሁሉ በየደጃፉ ብቅ አለ። ሞተሩ ተነሣ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ቆይቶም ትንሿ፣ ሁሉም ሰፈሩ ላይ ወረዱ። እኔ ሳላውቀው ተነሥቼ ቆሜአለሁ። ፋጡማ ከአጥሯ፣ ሊቀመንበሩ ከመንገዱ ዳር፣ ሁላችንም ቆመን እትዬ ዘነቡን እናያለን። እሷ ምስሯን ትለቅማለች። ስንቆይባት ጊዜ ቀና አለችና ተቆጣችን።

«ምን ታዩኛላችሁ? እንድሪስ ነው የመጣው።»